«ደህና ነኝ» ከማለታችሁ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ቡና ያፈላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ፣ ከሥራ መልስ ባቡር ላይ ያላችሁም ማዳመጫችሁን ሰክታችሁ አብራችሁን ቆዩ። ብስክሌት እየነዳችሁ የምትሰሙን ካላችሁ ግን እባካችሁ አሁኑኑ ዝጉንና ቤት ስትደርሱ ስሙን። የዛሬው ርዕሳችን እናንተ ናችሁ።

ከራሴ ልጀምር። ኖቬምበር መገባደጃ ላይ ነው፤ ስቶክሆልም። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ነበር፤ ንጋት ላይ ሰማዩ ጠራ። ስልኬን ሳየው ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ይላል። መንገዱ ላይ ነጭ ነገር የለም፤ አስፋልቱ የራሰ ብቻ ይመስላል። «ዛሬ በረዶ የለም» ብዬ ብስክሌቴን አወጣሁ። ሁለት ሠፈር አልፌ ድልድይ ላይ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስጀምር ፍሬኑን በስሱ ነካ አደረግሁ። ከዚያ የማስታውሰው በጎኔ ተጋድሜ፣ ብስክሌቴ ብቻዋን ወደ ፊት ስትንሸራተት ማየቴን ነው።

አንዲት ሴትዮ ሮጣ መጣች፤ እሷም ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ደህና ነህ?» አለችኝ። አፌ ቀድሞኝ «ደህና ነኝ» አለ። ገና እኮ አልተነሳሁም! እጄን አላንቀሳቀስሁም፣ ራሴን አልዳሰስሁም። ብድግ አልሁ፣ ሱሪዬን አራገፍሁ፣ የሚያየኝ ሰው ሳይበዛ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ሥራ ገባሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ሲያመኝ «ወለምታ ነው» አልሁ። ማስታገሻ ዋጥሁ። በማግስቱም ነዳሁ፣ በሳምንቱም ነዳሁ። ራጅ የተነሳሁት ከ16 ቀን በኋላ ነው። ወለምታ አልነበረም፤ ስብራት ነበር። ሐኪሙ ጀሶውን እያሰረ «በዚያው ቀን ብትመጣ ኖሮ ነገሩ በጣም ይቀልልህ ነበር» አለኝ።

በረዶው የጣለኝ በአንድ ሰከንድ ነው። የቀረውን ጉዳት የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ማቆም ሲገባኝ ባለማቆሜ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው በረዶ ብስክሌተኛን እንዴት እንደሚጥልና የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚጎዳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለብን ነው፤ ከቤት ሳንወጣ፣ መንገድ ላይ ሳለን፣ ከወደቅን በኋላም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስቲ መጀመሪያ ጠላታችንን እንወቀው። በአማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም «በረዶ» እንላለን። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ውርጭን ያውቃል። የስሜንን ተራሮች ያየ ደግሞ አመዳይን ያውቃል። አስፋልት ላይ ተነጥፎ ሰው ላይ የሚያደባውን በረዶ ግን በልጅነታችን አልተማርነውም። በረዶ ሲባል ዓይናችን ነጭ ነገር ይፈልጋል። በድንገት የሚጥለን ግን የማይታየው ነው።

ፈረንጆቹ «ጥቁር በረዶ» ይሉታል። ቀለሙ ጥቁር ሆኖ አይደለም። እንደ መስታወት ስስና ጥርት ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አስፋልት ያሳያል፤ ከላይ ሲታይ እርጥብ መንገድ ይመስላል።

«ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ እንዴት ይረጋል?» ትሉ ይሆናል። የአየር ሁኔታ ዘገባ የሚነግረን ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተለካውን የአየር ሙቀት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ አስፋልቱ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስልካችሁ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ መንገዱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ድልድይ ደግሞ ይብሳል። ሌላው መንገድ ከሥሩ አፈር አለው፣ አፈሩም ሙቀት ይዞ ይቆያል። ድልድይ ግን ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ በረዶ ይይዛል። ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እዚህ ብስክሌት መንዳት ማለት ድልድይ መሻገር ማለት ነው።

ሰዓቱንም እወቁት። ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ ሁሉ ብርዱ የሚጠነክረው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እኛ ወደ ሥራ የምንወጣበት ሰዓት። ቀን የቀለጠው ውኃ ደግሞ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ይረጋል። ጠዋት በደህና ያለፋችሁበት መንገድ ማታ ሌላ መንገድ ነው።

አንድ የተሳሳተ ግምትም እናርም። ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ከዜሮ ዲግሪ የበለጠ የሚያስፈራ ይመስለናል። ለጣትና ለጆሮ እውነት ነው። ለጎማ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በብርቱ ብርድ ጊዜ በረዶው ደረቅ ይሆናል፤ የተረገጠው አመዳይም ጎማ ሲነካው ይንጫጫል እንጂ እንደዚያ አያዳልጥም። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን በረዶው ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ይሆናል፤ ሳሙና የተቀባ መስታወት ማለት ነው። ደግሞ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን ሲያልፍ ጉልበቱ በጣም ይደክማል። ስለዚህ «ጨው ተነስንሷል» ብቻ ብላችሁ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ብስክሌቷ። ብስክሌት ቀጥ ብላ የምትሄደው እኛ ሳናስተውለው መሪውን ወዲህና ወዲያ ጥቂት ጥቂት ስለምናዞር ነው። ወደ ግራ ስናጋድል መሪው ወደ ግራ ይዞርና መልሶ ያቆመናል። ይህ የሚሠራው ጎማው መሬቱን ከነከሰ ብቻ ነው። መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል ደግሞ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ነው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ እግር አውርዶ መትረፍ ይቻላል። የፊት ጎማ ሲሄድ ግን ማዳኛ ጊዜ የለም። ስለዚህ በረዶ ላይ የፊት ፍሬን አትያዙ፤ መሪውንም አትጠምዝዙ። ፔዳል መምታቱን አቁማችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ ብስክሌቷ ራሷ ፍጥነቷን እንድትቀንስ ተዉአት። የትራም ሐዲድ፣ የጉድጓድ ክዳንና በቀለም የተቀባ የእግረኛ መሻገሪያ ከአስፋልቱ የበለጠ ያዳልጣሉ።

በዚህ አገር ሆስፒታል ገብተው ከሚመዘገቡት ብስክሌተኞች አብዛኞቹ መኪና የገጫቸው አይደሉም፤ ብቻቸውን የወደቁ ናቸው። ብቻውን የወደቀ ሰው ፖሊስ አይጠራም፣ ምስክር የለውም። ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ነገሩን ቀላል አድርገን የምናየውም ለዚህ ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስንወድቅ ምን ይጎዳል? ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል። መላው የሰውነት ክብደት በአንድ መዳፍ ላይ ያርፋል። ከሁሉ በፊት የሚሰበረውም የእጅ አንጓ ነው። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ይህን ዓይነቱን ስብራት እ.ኤ.አ. በ1814 ጽፎ አስረድቷል፤ ያኔ ራጅ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። አጥንቱ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ እጁ የተገለበጠ ሹካ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ስብራት ማንም አይቶ ያውቀዋል፤ ወደ ሐኪም ለመሄድም አያቅማማም።

የሚያታልለው ሌላው ነው፤ እኔን ያታለለኝ። እስቲ አሁን እየሰማችሁ ሞክሩት። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከጣቱ ሥር፣ አንጓው አጠገብ፣ ሁለት ጅማቶች ይገተሩና መሃላቸው ጎድጎድ ያለች ቦታ ትታያለች። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ሱረት የሚስቡ ሰዎች ሱረቱን እዚያች ላይ አድርገው ይስቡ ነበርና እስከ ዛሬ ሐኪሞች «የሱረት ማስቀመጫ» ይሏታል። ከሥሯ ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች፤ ስሟ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ጀልባ መሰል ማለት ነው። በእጃችሁ ወድቃችሁ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ስትጫኑ ካመማችሁ፣ እብጠት ባይኖርም፣ ጣቶቻችሁ ቢንቀሳቀሱም፣ የዚያች አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል።

ይህቺ አጥንት ሁለት ክፉ ጠባይ አላት። አንደኛ፣ ስብራቷ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቢጠረጥር እጁን አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ራጅ ያስነሳል፣ ወይም ኤምአርአይ ያዝዛል። «ራጁ ነፃ ነው ብለውኛል» ብላችሁ ቀጠሮውን አትተዉ። ሁለተኛ፣ ደም የሚደርሳት በአብዛኛው ከአንድ ጫፏ ብቻ ነው። ስትሰበር ሌላኛው ግማሽ ደም ያጣል። ካልታሰረች ላትገጥም ትችላለች፤ ሊሞትም የሚችል ክፍል አላት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ወይም ዕድሜ ልክ የሚያቃጥል አንጓ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን ውልቃት የሚመልሱት፣ ወለምታ የሚያሹት ወጌሾች ባለሙያዎች ናቸው፤ ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ግን የተሰበረ አጥንት መታሸት የለበትም። የገጠመው ይናጋል፣ ሹሉ ጫፍ ደም ሥርና ነርቭ ይነካል። ከሁሉ የሚብሰው ጠብቆ መታሰሩ ነው። የተጎዳ እጅ ያብጣል፤ እስራቱ ግን አብሮ አይሰፋም። ደም ይቆምና ሥጋው ይሞታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚሁ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ይታወቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ፤ አጥንቱ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቅቤውም ማሸቱም ይደርሳል። አንድ ትንሽ ግን ትልቅ ምክርም አለችኝ፤ በእጃችሁ ከወደቃችሁ ቀለበታችሁን ወዲያው አውልቁ። ካበጠ በኋላ የሚወጣው በመጋዝ ነው።

እጃችንን ሳንዘረጋ በጎን ስንወድቅ ደግሞ ትከሻችን ይመታል። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ቀጭኑ አጥንት ይሰበራል፤ ብስክሌተኞች በደንብ ያውቁታል። በዳሌ መውደቅ ለወጣቱ ብዙ ጊዜ የሚበልዝ ነገር ነው። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን የጭን አጥንት አንገት ሊሰበር ይችላል። የወደቀ ሰው መቆም ካቃተው፣ አንዱ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ጎትታችሁ አታስነሱት። ባለበት ሸፍኑትና አምቡላንስ ጥሩ።

በዚህ አጋጣሚ በተለይ እኛን ስለሚመለከተን ነገር ላንሳ። ቆዳችን የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ቫይታሚኑ ለአጥንት ጥንካሬ ያስፈልጋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያንኑ ያህል ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በእነ ስቶክሆልም፣ ኦስሎና ሄልሲንኪ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ማርች ያለው ፀሐይ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሰውነቱን የሚሸፍን ልብስ የሚለብስ ሰው በበጋውም ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ ሐኪማችሁን ስታገኙ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቁ። የአጥንት ጉዳይ ነውና።

አሁን ወደ ጭንቅላት። ሄልሜት የራስ ቅልን ይከላከላል፤ የአንጎልን መናወጥ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው የግድ ራሱን አይስትም። «የት ነበር የምሄደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ብርሃን ያስጠላዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ከእነዚህ አንዷ ካለች የዚያ ቀን መንዳት አበቃ። ብስክሌቷን አስራችሁ በታክሲ ሂዱ።

አምቡላንስ የሚያስጠሩ ምልክቶችን ልንገራችሁ፤ የምትጽፉ ጻፉ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት። ተደጋጋሚ ትውከት። እየከበደ የሚሄድ እንቅልፍ ወይም መቀስቀስ አለመቻል። የዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት። የአንድ በኩል እጅ ወይም እግር መድከም። የንግግር መተሳሰር። መንቀጥቀጥ። ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም። እነዚህ ከታዩ አውሮፓ ውስጥ 112፣ አሜሪካ ውስጥ 911 ደውሉ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን ከተመታ ምልክት ሳይጠብቅ ይታይ። በተለይ በአረጋውያን ላይ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል፤ ከቀናት አልፎ ከሳምንታት በኋላ በራስ ምታትና በግራ መጋባት ይገለጣል። «ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር» ብላችሁ ለሐኪሙ መናገር እንዳትረሱ።

እንዳይተኛ እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀሰቀስ በሽተኛ ታውቁ ይሆናል። ሐኪም አይቶት ቤት እንዲሄድ ከፈቀደለት መተኛት አይከለከልም፤ እንዲያውም ዕረፍት ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አብሮት የሚሆንና የሚከታተለው ሰው ነው።

ብርዱንም አንርሳ። እየነዳ ያለ ሰው ይሞቀዋል፤ ወድቆ የተኛ ሰው ግን በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ላቡ ልብሱ ላይ አለ፤ መሬቱ ሙቀቱን ይስበዋል። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ይኮላተፋል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። እንግዲህ የወደቀ ሰው ካያችሁ ጃኬት ከሥሩም ከላዩም አድርጉለት። በብርድ ነጭ ሆኖ የደነዘዘ ጣት ካለው በበረዶም በእጅም አትሹት፤ በለብታ ውኃ ነው የሚሞቀው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ ማቆም። እኛ ሐበሾች ማቆምን ከመሸነፍ እንቆጥረዋለን። የዓለምን ታላላቅ ብስክሌተኞች ታሪክ ግን እስቲ ስሙ።

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1988 የጣሊያን ዙር፣ ጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ 2,621 ሜትር ከፍታ ባለው በጋቪያ መተላለፊያ አለፈ። በጁን ወር በረዶ ይወርዳል። ሆላንዳዊው ዮሃን ቫን ደር ቬልደ በአጭር እጅጌ ልብስ ከሁሉ ቀድሞ ጫፉ ላይ ደረሰ። መሪ ነው፤ የቀረው ቁልቁለት ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ ሰውነቱን አሸነፈው። ቆመ። ተሽከርካሪ ውስጥ ገብቶ ሞቀ። መድረሻው ላይ የደረሰው ከአሸናፊው 47 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ቆሞ ስለሞቀ ግን ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ደግሞ ከሚላን እስከ ሳንሬሞ በሚደረገው ውድድር ላይ ከባድ በረዶ ወረደ። አዘጋጆቹ ውድድሩን መሃል ላይ አቆሙ፤ ተወዳዳሪዎቹን አውቶቡስ ላይ ጭነው መተላለፊያውን አሳልፈው እንደገና አስጀመሩ። ቤልጅጋዊው ቶም ቦነን፣ በዓለም ስሙ የገነነው፣ ከአውቶቡሱ ወርዶ አልቀጠለም። ያሸነፈው ጀርመናዊ ጌራልድ ቺዮሌክ ነው፤ ይወዳደር የነበረውም ለደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ነበር። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው መንዳት ነው። እነርሱ ከቆሙ፣ እኔና እናንተ ወደ ቢሮ ስንሄድ ማቆም ያሳፍረናል?

የማቆሚያውን መስመር ከመውጣታችን በፊት ቤት ውስጥ እናስምር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእኔን መስመር ልንገራችሁ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ካደረ፣ በር ላይ ወርጄ አስፋልቱን በጫማዬ እሞክረዋለሁ። ጫማዬ ከተንሸራተተ ብስክሌቷ ቤት ትቀራለች። በበረዷማ ዝናብ ቀን አልወጣም፤ ያን ቀን ማንኛውንም ጎማ አላምንም። እንቅልፍ ካልጠገብሁ፣ ካመመኝ ወይም ከዘገየሁም አልነዳም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? በረዶ ላይ የሚፈሰው ግን አይለቀምም።

መንገድ ላይ ስንሆን ደግሞ ሦስት ምልክት አለ። አንደኛ፣ ጎማው አንዴ ሸተት ብሎ ከተረፋችሁ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውረዱና ግፉ። ሁለተኛ፣ ጣቶቻችሁ ከመደንዘዛቸው የተነሳ ፍሬን መያዛችሁን ካላወቃችሁ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ግቡ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ ራሱ የሚፈጥረው ነፋስ ብርዱን ለገላው ከዜሮ በታች 18 ያህል ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ፊታችሁ ያሉ እግረኞች እጃቸውን ዘርግተው እንደ ዳክዬ መራመድ ከጀመሩ፣ እነርሱ መንገዱን ፈትነውላችኋል።

ከወደቃችሁ በኋላስ? ብድግ አትበሉ። መኪና የሚመጣበት ቦታ ከሆነ ብቻ ወደ ዳር ተንፏቀቁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተቀመጡ። ጭንቅላት፣ አንገት፣ ትከሻ፣ እጅ፣ ዳሌ፣ እግር፤ ከላይ እስከ ታች በየተራ ፈትሹ። በድንጋጤ ጊዜ ሰውነት ሕመምን ይደብቃል፤ ስለዚህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገሙት፤ ማታም ድገሙት። «ደህና ነህ?» ለሚላችሁ ሰው «ገና አላውቅም፣ ትንሽ አጠገቤ ቁም» በሉት። ነውር የለበትም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከአንድ አድማጫችን የደረሰን ጥያቄ አለ። «እኔ በብስክሌት ምግብ አድራሽ ነኝ። ካልነዳሁ አይከፈለኝም። ብርድ ሲሆን ደግሞ ትእዛዙ ይበዛል። እንዴት አቁም ትለኛለህ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እውነተኛ ነው። መንገዱ ሰው የሚያስወጣ በማይሆንበት ማታ የምታጣውን አስላ፤ የአንድ ማታ ገቢ ነው። የእጅ አንጓ ስብራት ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት ያህል በጀሶ ያስቀምጣል። ያቺ ስካፎይድ የምትባለው ደግሞ ከዚያም ታልፋለች። አንዱን ማታ ከ40 ማታ ጋር አመዛዝን። ካስገደደህም ዋና ዋና መንገዶችን ያዝ፤ ቢረዝሙም። እዚህ ስቶክሆልም ዋና ዋናዎቹ የብስክሌት መንገዶች በመጥረጊያ ተጠርገው ጨዋማ ውኃ ይረጫቸዋል፤ አቋራጩ ግን አይደርሰውም።

ደግሞም ሳትወድቅ በፊት ውልህን አንብብ። ተቀጣሪ ነህ ወይስ በራስህ የምትሠራ? በጀርመን ለምሳሌ ተቀጣሪ የሆነ ሰው በሥራ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በቀጥታ ወደ ሥራ ሲሄድና ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚደርስበት አደጋ በሕግ በተደነገገው የአደጋ መድን ይሸፈናል። መብቱ የሚሠራው ግን አደጋው ከተመዘገበ ነው። ለሐኪሙ «ከሥራ ስመለስ ነው» ብለህ ንገረው። እኔ በ16ኛው ቀን ስሄድ የት፣ መቼ፣ በምን ሰዓት እንደወደቅሁ በትክክል ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

ስለ ዕቃው ባጭሩ። ባለ ሚስማር ጎማ ግዙ፤ ጎማው ላይ የተተከሉት ጠንካራ የብረት ጥርሶች በረዶውን ይነክሳሉ። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ከፊት ይገጠም፤ ምክንያቱን ቀድመን አይተናል። የጎማውን ነፋስ ጎማው በሚፈቅደው መጠን ቀንሱ። መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ፤ ሁለት እግራችሁ መሬት ይድረስ። ወድቆ የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ይቀየር፤ የውስጡ ስፖንጅ ሥራውን አንዴ ሠርቶ ጨርሷል።

የሕክምና ምክር ለማግኘት ስዊድን ያላችሁ 1177፣ ጀርመን ያላችሁ 116117 ደውሉ። ስዊድን ውስጥ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ቋንቋው ስለማይመቸኝ» ብላችሁ ሕመም ይዛችሁ አትቀመጡ።

ተመልሶ መንዳትስ መቼ ነው? ሦስት ፈተና አለ። ፍሬኑን በሁለቱም እጅ ያለ ሕመም እስከ መጨረሻው መጭመቅ ትችላላችሁ? በመዳፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ክብደታችሁን መሸከም ትችላላችሁ? አንገታችሁን አዙራችሁ ከኋላ የሚመጣውን ማየት ትችላላችሁ? አንዱ «አይ» ከሆነ አውቶቡስ አለ። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ በእግር ጉዞ ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃም ይጨምራል። ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ይመለሳል። ራሱ ሳይጠራ እንደገና የተመታ አንጎል ጉዳቱ ይከብዳል።

ውድ አድማጮች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ የቀኝ እጄ አንጓ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይነግረኛል፤ ስኒ ስይዝም ጥቂት ይደክማል። አሁንም ብስክሌት እነዳለሁ፣ በበረዶም ወራት። ግን በዓመት ውስጥ ብስክሌቴ ቤት የምትውልባቸው ጠዋቶች አሉ። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ፣ ብስክሌቷን ከማውጣታችሁ በፊት አስፋልቱን በጫማችሁ ሞክሩት። ካዳለጠ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ ይህን ዝግጅት ለወዳጃችሁ ንገሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)